የአደራው ባለዕዳ ማነው?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ተረቱ የውሻውን ዕዳ ቆጥሮ ያስቀምጣል፤ ያበላው ሰውዬስ ዕዳ የለበትም?

እስቲ ላይካን እናንሳ። በሞስኮ ጎዳና የምትንከራተት ባለቤት አልባ ውሻ ነበረች። ብርድና ረኃብ የለመደ ይችላል ተብሎ ተመረጠች። አበሏት፤ ጠባብ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለማመዷት። በኖቬምበር 3 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. በስፑትኒክ 2 ወደ ጠፈር ላኳት። መመለሻ አልተሠራላትም፤ ላኪዎቿም ያውቁ ነበር። በሰዓታት ውስጥ በሙቀት መሞቷ የተገለጸው በ2002 ነው። ከአሠልጣኞቿ አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮ በ1998 ተጸጽቶ፣ የተገኘው ዕውቀት ለሞቷ እንደማይበቃ ተናገረ።

«ለሰው ልጅ ጥቅም እኮ ነው፤ ውሻ ምን ይሁን ብለህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥቅሙስ ይሁን። ግን መዶሻ ባለቤቱን አያምንም፤ ውሻ ያምናል። ከሰው ጋር ከዐሥር ሺህ ዓመት በላይ ኖሯልና ፊታችንን አይቶ፣ ጣታችንን ተከትሎ ይሄዳል። ላይካን ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጣት ገመዱ ብቻ አይደለም፤ እምነቷም ነው። እምነትን መሣሪያ ያደረገ ሰው ደግሞ፣ ያመነው ፍጡር መናገር ስላልቻለ ብቻ ከዕዳ ነጻ አይወጣም። እንዲያውም ከሳሽ የሌለበት ዕዳ ይከብዳል።

በበላበት የሚጮኸውንስ አወቅነው። አላምዶ የማይከዳው ማነው?