ስለ ትንሹ ባቡር መደብ፤ ቁጠባ ከማን ላይ ሊወሰድ ይገባል?

ቁጠባ መልካም ነገር እንደ ሆነ የማይመሰክር የለም። ዳሩ ግን ቁጠባ የተባለው ሁሉ ቁጠባ አይደለም። ሰው ሊያወጣው የሚገባውን ገንዘብ ሳያወጣ በቀረ ጊዜ ዋጋው ጠፍቶ አይቀርም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ወይ ቆጣቢው ራሱ በድካሙ፣ በትዕግሥቱና ምኞቱን በማሳነስ ይከፍለዋል፤ ወይም ሌላ ሰው ሳይጠየቅ ይከፍልለታል። ፊተኛው በእውነት ቁጠባ ነው፤ የኋለኛው ግን ስሙ ሌላ ነው። ይህንንም በትልቅ ሥራ ከመመርመር ይልቅ በትንሽ ሥራ መርምሮ ማየት ይቀላል፤ ስለዚህ ምሳሌው በቤት ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ባቡር የሚቆምበት የእንጨት መደብ ይሁን።

በኤውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ምድር ባቡርን ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያውና ከነድልድዩ አሳንሰው በቤታቸው ይሠራሉ። አሠራሩም በዘፈቀደ አይደለም፤ ብዙዎች የሚከተሉት ልክ አንድ ለ87 ነው፤ ይኸውም በእውነተኛው 87 ሜትር የሆነው ነገር በትንሹ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ልክ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስፋቱ 1 ሜትር የነበረው የቀድሞው የኢትዮጵያ ባቡር ሐዲድ ደግሞ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሠረገላውና ሐዲዱ፣ ተራራውና ጣቢያው ለዓይን የሚታዩ ናቸው። ከሥር ያለው መደብ፣ ቋሚውና አግዳሚው ግን ተሸፍኖ አይታይም። ሰውም ገንዘብ ባጠረው ጊዜ አስቀድሞ የሚያጎድለው ይህን የማይታየውን ነው።

እንግዲህ በአጅባር የሚኖር፣ ከደመወዙ ከወር ወር ጥቂት ብቻ የሚተርፈው አንድ አስተማሪ፣ ይህን ሥራ ለልጆቹ ሊሠራ ወደደ እንበል። ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር ባለው ደጋ ባቡር አልፎ አያውቅም። በደቡብ ወሎ የሚያልፈው ሐዲድ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታሰበው፣ በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል የተደረገበት፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ ነው፤ እርሱም ከታሰበለት ጊዜ እጅግ ዘግይቷል። ስለዚህ የአጅባር ልጅ የባቡርን ነገር በእጁ ዳስሶ ሊማር የሚችለው እንዲህ ባለው ትንሽ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰው፣ «የእህል ዋጋ በተወደደበት ዘመን ለመጫወቻ ገንዘብ ማውጣት በደል አይደለምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከልጆች እንጀራ፣ ከሠራተኛ ደመወዝ ወይም ከተበደሩት ዕዳ ተቀንሶ የሚሠራ ከሆነ፣ አዎን፣ በደል ነው፤ ስለምን ቢሉ ከፋዩ ሌላ ነውና። ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ አባት በመጠጥና በከንቱ ሊያጠፋው ይችል ከነበረው የሚሠራ ከሆነ ግን ከፋዩ እርሱ ራሱ ነው። ደግሞም ልጅ መለካትን፣ ማካፈልን፣ የጀመሩትን መፈጸምን በጨዋታ ቢማር ገንዘቡ ጠፋ አይባልም።

የመጀመሪያው ቁጠባ ከስፋት የሚወሰደው ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው የቀድሞው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። ይህ በ87 ቢካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ያለው 2,300 ሜትር የሚያህል ከፍታም ከ26 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን በቤቱ ሊያገባው የሚችል ሰው የለም፤ ስለዚህ ባለጠጋውም ድሃውም መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። የቅኔ ተማሪ ይህን ነገር ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ምሥጢሩ ለሁለት ቤት ብቻ የበቃለት ተማሪ መወድስ ልቀኝ ቢል ቤቱን በባዶ ቃል ይሞላዋል እንጂ ቅኔ አይሆንለትም። የቤቱን ቁጥር ማሳነስ ነውር የለበትም፤ የቤቱን ልክ ማጉደል ግን ነውር ነው። ለአናጢም ሕጉ ይኸው ነው፤ ከስፋቱ ይቀንስ፣ ከጥናቱ አይቀንስ።

ስለዚህ አስተማሪው 2.44 ሜትር በ1.22 ሜትር የሆነ አንድ ኮምፔርሳቶ ገዝቶ በቁመቱ ለሁለት ቢያሰነጥቀው፣ እያንዳንዱ 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ሁለቱም ጫፍ ለጫፍ ቢጋጠሙ ግድግዳ ተጠግቶ የሚሄድ ወደ 4.88 ሜትር የሚሆን መደብ ይወጣቸዋል። በዚህ ጠባብ መደብ ላይ ባቡሩን በክብ ማዞር አይቻልም፤ ለ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ክቡ ብዙ ጊዜ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋልና። ነገር ግን እውነተኛው ባቡርም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዶ ይመለስ ነበር እንጂ በክብ አይዞርም ነበር። ምኞቱን ያሳነሰ ሰው ሳያስበው ወደ እውነቱ ቀረበ ማለት ነው። ጠባቡ መደብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከ75 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ ከሐዲዱ የወጣውን ሠረገላ በእጅ ደርሶ ማንሣት ያስቸግራል።

ይህ የቁጠባ ጥያቄ በትልቁ ባቡርም ላይ ደርሶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር እየተጠማዘዘ በጥቂት ወጪ ለመሄድ ይመቻልና። ይህ ከስፋት የተወሰደ ስለ ሆነ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሌላው ቁጠባ ግን ያከራክራል። አስቀድሞ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ወደ ተራራው መውጣት ወጪው ስለ በዛ በግርጌው ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ሆነ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ስፍራ ድሬ ዳዋ ተባለ። ድሬ ዳዋን የመሰለች ከተማ ስለ ተወለደች ነገሩ ጥፋት ብቻ ነበር አይባልም። ዳሩ ግን የጥንቱ የሐረር ንግድ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወረደ፤ ኩባንያው የቆጠበውን የሐረር ነጋዴ ከፈለው።

ይህም ሁሉ ተቆጥቦ ኩባንያው ድሬ ዳዋ በደረሰ ጊዜ ገንዘቡ አለቀበት፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ፣ ሌላ ኩባንያ በፊተኛው ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከድሬ ዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ 14 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን ከጅቡቲ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው ክፍል ስላለቀ ጭነትና ሰው ያመላልስበት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ገንዘቡ የማይበቃ ሰው ሥራውን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል ፈጽሞ ይሥራ። አስተማሪውም መደቡን በብሎን በሚጋጠሙ አጫጭር ክፍሎች ቢሠራ፣ በዚህ ዓመት አንዱን፣ በሚመጣው ዓመት ሌላውን ይጨምራል። ገንዘቡ በመካከል ቢያልቅበት እንኳ ልጆቹ ባለቀው ላይ ባቡራቸውን ይነዳሉ።

ሁለተኛው ቁጠባ ከብልሃት የሚወሰደው ነው። ብዙ ሰው ጥናት የሚገኘው ከእንጨት ውፍረት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚገኘው ከአጋጣጠም ነው። ሊን ዌስትኮት የተባለ የአሜሪካ የትንሽ ባቡር መጽሔት አዘጋጅ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያስፋፋው አሠራር ይህን ያስረዳል። አንድ ቀጭን ጣውላ በጠርዙ ይቆማል፤ ሌላ ጠባብ ጣውላ በአናቱ ላይ በአግድም ተጋድሞ በኮላና በምስማር ይያያዛል። ለየብቻቸው ቢሆኑ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ታች ይጎብጣል፤ በአንድነት ግን እንደ ወፍራም ሠረገላ እንጨት ይሸከማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ተሸካሚዎች ትይዩ ሆነው ይቆማሉ፤ በላያቸው ላይ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አግዳሚ ይጋደማል፤ በአግዳሚዎቹ ላይ አጫጭር ቋሚዎች ተተክለው ሐዲዱን የሚሸከመውን ጣውላ ይይዛሉ።

የዚህም አሠራር ትልቁ ጥቅም ቁርጥራጭ እንጨትን አለመናቁ ነው። የአግዳሚዎቹ ርዝመት እኩል ባይሆን አይጎዳም፤ ጫፋቸው ቢያልፍ ያልፋል። የሐዲዱን ከፍታ የሚወስኑት አጫጭሮቹ ቋሚዎች ስለ ሆኑ፣ በውሃ ልክ ተመዝነው መስተካከል ያለባቸው እነርሱ ብቻ ናቸው። እግሮቹም በጫፍና በጫፍ መሆን የለባቸውም፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ የርዝመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ውስጥ ቢገቡ ሸክሙ ይመዛዘናል፤ ለ2.40 ሜትር ተሸካሚ 48 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በእግሮቹ መካከል በሰያፍ የሚገባ እንጨት ግን ፈጽሞ አይቅር፤ ያለ እርሱ መደቡ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

ሦስተኛው ቁጠባ ከትዕግሥት የሚወሰደው ነው። በደጋው አገር በቀላሉ የሚገኘው እንጨት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ዋጋው ይረክሳል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በወርዱ እንጂ በቁመቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በክረምት እርጥበቱን እንደያዘ የተቸነከረ መደብ በበጋ ልኩን ይስታል፣ በላዩ ያለውም ሐዲድ ይጎብጣል። ትዕግሥት ያለው ሰው እርጥቡን በርካሽ ገዝቶ፣ በመካከሉ ነፋስ የሚያሳልፍ ስንጥር እያደረገ በጥላ ይደረድረዋል፤ ከላይም ድንጋይ ጭኖበት ወራት ይጠብቃል። ከደረቀም በኋላ የቀናውን ለተሸካሚ፣ የጠመመውን ለአጫጭር ቋሚ ይለየዋል። በገንዘብ ያልከፈለውን በጊዜ ከፈለው፤ ጊዜውም የራሱ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከቆጣቢው ከራሱ የሚወጡ ናቸው። ከሌላው የሚወሰዱትም ደግሞ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከደን የሚወሰደው ነው። በዚያ አገር የደንቆሮ ደን የሚባል፣ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተጠበቀ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ስፍራ አለ። ከእንዲህ ያለ ስፍራ በሌሊት ተቆርጦ ለገበያ የሚመጣ እንጨት ከባሕር ዛፍ ቢረክስ፣ የረከሰው ሻጩ የተከለው፣ ያሳደገው ስላልሆነ ነው። ዋጋውን ገና ያልተወለደው ልጅ፣ ምንጩ የሚደርቅበት ገበሬ ይከፍለዋል።

ሁለተኛው ከአናጢው የሚወሰደው ነው። ሥራ ባጣበት ወር ድሃውን አናጢ ጠርቶ በግማሽ ዋጋ ማሠራት ብልሃት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጎዶሎው የተሞላው በአናጢው ቤት ማዕድ ነው። አስተማሪው ሙሉውን ዋጋ መክፈል ካልቻለ ተሸካሚውን ብቻ በአናጢ ያሠራ፤ የቀረውን እርሱና ልጆቹ በመጋዝና በመዶሻ ይጨርሱት። ሥራው ሻካራ ቢሆን ሻካራነቱ የራሳቸው ነው፤ ዕዳ ግን የለበትም።

ሦስተኛው በኋላ ከሚመጣው የሚወሰደው ነው። ይህ ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ በሚሠራበት ቀን ማንም አያየውምና። ሰያፉን ትቶ፣ ኮላውን ነፍጎ፣ እርጥቡን እንጨት ቸንክሮ በላዩ ያማረ ጣቢያና አረንጓዴ ተራራ የሚያቆም አባት በምረቃው ቀን ይመሰገናል። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ መደቡ ሲጎብጥ የሚያዝነው ግን ልጁ ነው። ልጁም የእንጨቱን ነገር ስለማያውቅ ጥፋቱን በባቡሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በራሱ እጅ ያሳብባል። የማይታየውን ያጎደለ ሰው ከገንዘብ ጋር እውነትን ወስዷል።

ወደ ሌላው ወገን ማዘንበልም አለ። አንዳንዱ የመሠረትን ክብር ሰምቶ፣ ዝሆን የሚሸከም መደብ ከወፍራም ሞራሌ አሠርቶ፣ ሐዲድ የሚገዛበት ሳይተርፈው ይቀራል። ይህም ከንቱ ነው። በቅኔ ወርቁ የሚገለጠው በሰሙ ነው፤ ሰም የሌለው ወርቅ ቅኔ አይባልም፤ ባቡር የማይሄድበትም መደብ እንጨት ብቻ ነው። ጥናት ለሚሸከመው ነገር የሚበቃ ሲሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ካለፈ እርሱም ስስት ነው፤ ለሚታየው የሚገባውን ወስዷልና።

እንግዲህ ቤት የሚሠራ፣ ማኅበር የሚያቋቁም፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ማጠሩም ነውር አይደለም። መጠየቅ የሚገባው «ስንት ይተርፈኛል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የተረፈኝን ማን ከፈለው?» ብሎ ነው። መልሱ «እኔ፣ በድካሜና በትዕግሥቴ» ከሆነ መደቡ ቢያንስም የጸና ነው። መልሱ «ሌላው፣ እርሱም አላወቀም» ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይክፈለው፤ እንጨት እንኳ የተነፈገውን በበጋው ያስታውቃልና።