ምክርና መከራ

የቅኔ ተማሪ የግእዝን ግስ ሲያጠና፥ መከረ ከሚለው ቃል ሁለት ፍሬ እንደሚወጣ ይማራል፤ አንዱ ምክር፥ ሁለተኛውም መከራ ነው። ምክር የልብን አሳብ ለወንድም ማካፈል ነው፤ መከራ ግን ሰው የሚፈተንበት ነገር ነው። ሁለቱም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸውና አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ ይኸውም፥ መከራ ያላየ ሰው መከራ ላየው ምክር ለመስጠት ይችላልን? መከራ ያየስ ሰው ስላየ ብቻ መካሪ ለመሆን ይበቃልን? የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ በጉባኤ ቤት ብቻ የሚነሣ ክርክር አይምሰልህ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲላ ከተማና በጌዴኦ ምድር ሁሉ በሰው ሕይወት ላይ የወደቀ ጥያቄ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ጠብ ከ900,000 የሚበልጥ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። የሚበዛው ጌዴኦ ነበረ፤ ዳሩ ግን ከጉጂም ወገን ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ትምህርት ቤቱም፥ ቤተ ክርስቲያኑም መጠለያ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. አብዛኛው ሰው ወደ ቀዬው ተመለሰ። የተቃጠለ ቤት በእንጨትና በቆርቆሮ ይሠራል፤ የተቃጠለ ልብ ግን በምን ይሠራል?

የጌዴኦ ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው የበደለውንና የተበደለውን ያስታርቃሉ። የንስሐ አባትም ኑዛዜን ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፥ ከኃጢአት ማሰሪያም ይፈታል። የሥነ ልቡና አማካሪ የሚባለው ግን ዳኛም አይደለም፥ በካህን ፈንታም አይቆምም። ቤቷ የተቃጠለባት እናት የምትናዘዘው በደል የላትም፤ የምትናገረው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣትን ነገር ነው። ስለዚህ የአማካሪ ሥራ ከመናገር ይልቅ መስማት ይበዛዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ባወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቡና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል አሳጥሮታል፤ ማየት፥ መስማት፥ ከሚረዳ ጋራ ማገናኘት። የተጎዳውንም ሰው የደረሰብህን ሁሉ ተናገር ብሎ ማስገደድ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አማካሪዎች ነበሩ፤ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በቊስሉ ላይ ቊስል ጨመሩበት።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቪክቶር ፍራንክል የሚባለው የቪየና ሐኪም በናዚዎች የግዞት ሰፈር ታስሮ፥ አባቱንና እናቱን፥ ሚስቱንም በዚያው ዘመን አጥቶ ከወጣ በኋላ፥ በ1946 እ.ኤ.አ. ያየውን ጽፎ ብዙ ሰው አጽናንቷል። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ ግን እንዲህ ያለ መከራ አልደረሰበትም፤ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን የነገረ መለኮት ትምህርት ጀምሮ፥ ኋላ ወደ ሥነ ልቡና የዞረ ሰው ነው። እርሱም፥ የተጨነቀውን ሰው ሳይፈርዱበት፥ ራስንም በእርሱ ቦታ አድርገው ቢሰሙት የመዳኛውን መንገድ ራሱ ያገኛል ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱም ለሙያው ከመሠረቶቹ አንዱ ሆነ። እንግዲህ ሁለቱም መካሮች ሆነዋልና፥ መከራን አለማየት በሩን እንዳልዘጋ ይታወቃል።

ዳሩ ግን የዲላው ነገር ከዚህ ይልቅ ይጠነክራል። ለምሳሌ ያህል፥ በ2010 ዓ.ም. ቤቱ የተቃጠለበት አንድ የጌዴኦ ተወላጅ ተምሮ አማካሪ ሆነ እንበል። አንዲት የጉጂ እናት በፊቱ ተቀምጣ፥ በዚያው ወራት ልጇ እንደ ሞተባት እያለቀሰች ትነግረዋለች። ምን ያድርግ? የእኔም ቤት ተቃጥሏል ቢላት፥ ኀዘኗን በራሱ ኀዘን ሸፈነው፤ ለመጽናናት የመጣችው ሴት አጽናኝ ሆነች። በልቡ ቤቴን ያቃጠለው የዚህች ሴት ወገን ነው ቢል፥ ጆሮው ተዘጋ፤ ፊቱም ያሳብቅበታል። ምንም እንዳልደረሰበት ሰው ቢሆን ደግሞ ራሱን ያታልላል። ነገሩ ተገላብጦ አማካሪው ጉጂ፥ እናቲቱም ጌዴኦ ብትሆን ጥያቄው ያው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ፥ መከራ ለአማካሪ መሣሪያ የሚሆነው አስቀድሞ ሌላ ሰው ከሰማለት በኋላ ነው። የንስሐ አባትም የንስሐ አባት አለው፤ ለራሱ ተናዝዞ ራሱን የሚፈታ ካህን የለምና። በአማካሪዎችም ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ ታናሹ በታላቁ ፊት ተቀምጦ ሥራውንና የልቡን ሁከት ይገልጣል። ይህን ያደረገ ሰው የራሱን ቊስል ከሌላው ቊስል ለይቶ ያውቃል። አሁን ልሰማት አልችልም ብሎ የተረዳ እንደ ሆነም ወደ ባልንጀራው ይምራት፤ አቅምን ማወቅ ውርደት አይደለም።

ምናልባት፥ ሁሉን ያለ ፍርድ መስማት ክፉውንና በጎውን ማስተካከል አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም፤ ፍርድ የራሱ አደባባይ አለው፥ ዕርቅም የራሱ ሶንጎ አለው። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣች እናት ገና እንባዋ ሳይደርቅ ይቅር በይ ብትባል፥ የምትሰጠው ይቅርታ ከአፏ እንጂ ከልቧ አይወጣም። እንዲህ ያለ ዕርቅ ደግሞ በመጀመሪያው ነፋስ ይፈርሳል። ይህን ስል እኛንም፥ ተጽናኑ ለማለት የምንቸኩለውን ካህናትና ሽማግሎች፥ መውቀሴ ነው።

በጌዴኦ ምድር ቡናው ከእንሰት ጋራ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ይህም የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ጥላ የሚሆነው ዛፍ ሐሩሩን ይከለክልለታል እንጂ፥ ፍሬውን የሚያፈራው ቡናው ራሱ ነው። ነገር ግን የዛፉ ሥር ያልጸና እንደ ሆነ፥ ዛፉ በቡናው ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ለሌላው ጥላ ለመሆን የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ ሥሩን ይመርምር።