ስለ ንቅሳትና በእርጅና ስለሚመጣው ጸጸት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሰው በወጣትነቱ ያደረገውን በሽምግልናው መለስ ብሎ መመርመሩ የታወቀ ነው። የተናገረውን ቃል ሰሚው ሊረሳው ይችላል፤ የለበሰውን ልብስ አውልቆ ይጥለዋል፤ የሠራውን ቤት አፍርሶ በሌላ ስልት ይሠራዋል። በገላው ላይ ያስነቀሰው ግን እስከ መቃብር አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ «ሰው በተነቀሰው ንቅሳት ሲያረጅ ይጸጸታልን? ቢጸጸትስ ምን ያድርግ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ወደ ንስሐ አባቶች የሚደርስ፥ መልስም የሚሻ ጥያቄ ነው። እኛም ከመጻሕፍት የተማርነውንና በክህነት አገልግሎት ያስተዋልነውን አስተባብረን ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

በአገራችን በጎንደር፥ በጎጃም፥ በወሎና በትግራይ ንቅሳት የቆየ ልማድ ነው። ነቃሺቱ ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ የወሰደችውን ጥቀርሻ በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፥ በእሾህ ወይም በመርፌ ቆዳን እየወጋች ታገባዋለች። በግንባር መስቀል፥ በአንገት ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ መስመር፥ በአገጭና በእጅም ልዩ ልዩ ሐረግ ይደረጋል፤ የጥርስ ንጣት እንዲጎላም ድድ ይነቀሳል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ለጌጥ ነው፤ አንዳንዱ እንቅርትን ይከላከላል በሚል ተስፋ ነው፤ አንዳንዱም ክርስትናን ለመመስከር ነው። እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በምግብ ውስጥ አዮዲን በማነሱ መሆኑና ንቅሳት ለዚህ እንደማይረዳ ግን ዛሬ ታውቋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን የውሳኔው ባለቤት ማን እንደ ነበረ ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን የተነቀሱት ገና በልጅነታቸው፥ በእናት ወይም በአክስት ፈቃድ ነው። ዘመኑ ሲለወጥና ከገጠር ወደ ከተማ ሲገቡ፥ ትናንት «ቆንጆ» ያሰኛቸው ምልክት ዛሬ «ኋላ ቀር» ያሰኛቸው ጀመር። ከዚህም የተነሣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው የሚያስሩ፥ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሚከናነቡ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የእናታቸው መታሰቢያ ነው ብለው ደስ ብሎአቸው ይኖራሉ። እንግዲህ ጸጸት በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም ማለት ነው።

ጸጸቱ ከሁሉ የሚከብደው ምልክቱ ከባለቤቱ እምነት ጋር ሲጣላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ከገቡት የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱ ነበሩ። በክርስቲያን ጎረቤቶች መካከል ሲኖሩ በውድም በግድም የተደረገባቸው ምልክት በአዲሱ አገራቸው ሰቀቀን ሆነባቸው፤ በሌዘር ያስጠፉትም አሉ። መስቀል ሰው ወዶ የሚሸከመው እንጂ በሌላው ግንባር ላይ የሚጫን አይደለምና፥ ይህን ስንሰማ እኛ ክርስቲያኖች ከሁሉ በፊት ልናዝን ይገባናል።

ቅዱሳት መጻሕፍትስ ምን ይላሉ? በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥና ገላን መነቀስ ተከልክሏል። ስለ ምን ቢሉ፥ በዙሪያቸው የነበሩ አሕዛብ ለሙታን ሲያለቅሱ፥ ጣዖትንም ሲያመልኩ እንዲህ ያደርጉ ነበርና እስራኤል በግብራቸው እንዳይተባበሩ ነው። አንድም ሥጋ የፈጣሪ ሥራ ነውና ሰው እንደ ወደደ እንዳያጎሳቍለው ነው። በሌላ ወገን ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 44 ቁጥር 5 የእግዚአብሔር ወገን መሆኑን በእጁ ስለሚጽፍ ሰው ይናገራል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 9 ቁጥር 4 ስለ ከተማይቱ ርኵሰት በሚያዝኑት ሰዎች ግንባር ላይ ምልክት እንዲደረግ መታዘዙን ጽፎአል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 6 ቁጥር 17 የጌታን ምልክት በሥጋው እንደ ተሸከመ ያስረዳል፤ ይህ ግን በመገረፍና በመወገር ያገኘው ቍስል እንጂ የነቃሽ እጅ ሥራ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ነገሩ የሚመዘነው በቀለሙ ሳይሆን በዓላማው መሆኑን ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ፤ ለልጆቻቸውም ያስነቅሳሉ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወርዱ ተሳላሚዎችም የመስቀል ምልክትንና የተሳለሙበትን ዓመት ማስነቀሳቸው ከብዙ ምዕት ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው። ክርስቲያን መባል ዋጋ በሚያስከፍልበት አገር ማምለጫን በገዛ እጅ ዘግቶ የተደረገውን ምልክት ከከንቱ ጌጥ ጋር አንድ አድርጎ መንቀፍ ፍርድን ማጣመም ይሆናል። ነገር ግን ለሰው ፊት የሚገባው ክብር አለ። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ4ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ባወጣው ሕግ በተፈረደባቸው ሰዎች ፊት ላይ ምልክት እንዳይደረግ ከልክሏል፤ የከለከለበትም ምክንያት ፊት በሰማያዊ ውበት አምሳል የተሠራ ስለ ሆነ ሊጎድፍ አይገባውም በማለት ነበር። የወንጀለኛው ፊት እንዲህ ከተከበረ የሕፃኒቱ ፊት እንዴት ይበልጥ ሊከበር አይገባውም?

ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆቿ የምትሰጠውን ምልክት እንመልከት። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ሲጠመቁ በአንገታቸው ማተብ ታስርላቸዋለች። ማተብ ክር ነው፤ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ባለቤቱ በፈቃዱ ሌላ ያስራል። እንዲህም በመሆኑ ክርስቲያን ነኝ ማለት በየጊዜው ወዶ የሚያድሱት ምስክርነት እንጂ አንድ ቀን በመርፌ ተደርጎ የሚረሳ ነገር አለመሆኑን ያስተምራል። ደግሞም ካህኑ ሕፃኑን በ36 የሰውነት ክፍል በቅብዐ ሜሮን ያትመዋል። ይህ ማኅተም በዓይን አይታይም፤ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ እርጅናም አያጨማድደውም። ስለዚህ ግንባሩ የተነቀሰ ከልተነቀሰው በክርስትና አይበልጥም፤ ያልተነቀሰም ከተነቀሰው አይበልጥም፤ ሁለቱም የታተሙት በአንዱ ሜሮን ነውና።

አሁን ወደ ጸጸቱ እንመለስ። በግእዝ ነስሐ ማለት ተጸጸተ ማለት ነው፤ ንስሐም ከዚህ ይወጣል። ሆኖም ጸጸት ሁሉ ንስሐ አይደለም። ይሁዳም ተጸጸተ፥ ጴጥሮስም ተጸጸተ፤ አንዱ ግን በጸጸቱ ተስፋ ቈረጠ፥ ሁለተኛው በእንባ ወደ ጌታው ተመለሰ። በንቅሳትም ነገር ሦስት ዐይነት ጸጸት አለ።

የመጀመሪያው ባልሠሩት መጸጸት ነው። በልጅነቷ በሌላ ሰው ፈቃድ የተነቀሰች እናት ይህን እንደ ኀጢአት ቈጥራ ለንስሐ አባቷ ደጋግማ ስትናገር እንሰማለን። ለእርስዋ የሚገባት ቀኖና ሳይሆን ማጽናናት ነው። የንስሐ አባት ሆይ፤ «እናቴ፥ ይህ የእርስዎ በደል አይደለም፤ ከእንግዲህ ወዲህ ስለዚህ አይጨነቁ» ብለህ ከልቧ ሸክሙን አውርድላት።

ሁለተኛው በፋሽን መጸጸት ነው። በ20 ዓመቱ የወደደውን በ50 ዓመቱ የማይወደው፥ የቀድሞ እጮኛውን ስም በክንዱ ጽፎ ሌላ ያገባ፥ የጓደኞቹን ምልክት ተቀብሎ ጓደኞቹ የተበተኑበት ሰው ጸጸት ይህ ነው። እርሱ ልብ ሊለው የሚገባው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን ያመጣውን የልብ ችኮላ ነው። ሥዕሉ ጠፍቶ ችኮላው ከቀረ ምን ይጠቅማል?

ሦስተኛው ባዕድ አምልኮን ወይም ርኵሰትን የሚያመለክት ሥዕል ወዶ ያስነቀሰ ሰው ጸጸት ነው። ይህ እውነተኛ ንስሐ የሚያስፈልገው ነው። ንስሐውን ከፈጸመ በኋላ ግን ቀለሙ በገላው ላይ ስለ ቀረ ኀጢአቱም ቀርቶብኛል ብሎ አይጠራጠር። ጌታችን ከተነሣ በኋላ የችንካሩን ምልክት በሥጋው ለቶማስ አሳይቶታል። የእርሱ ምልክት የፍቅር፥ የእኛ ግን የስንፍና ቢሆንም፥ ምልክቱ የቀረበት ሥጋ ከክብር የማይከለከል መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለ ማስጠፋት ለሚጠይቁንም የምንመልሰው ይህ ነው። ቀለሙ የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ በታች ባለው ክፍል ነው። ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ቀለሙን ይይዙታል፤ እነርሱ ሲሞቱም በምትካቸው የሚመጡት መልሰው እንደሚይዙት እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጥ ላይ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። ንቅሳት ሰው ሲያረጅ ቢደበዝዝና ቢሰፋም ፈጽሞ የማይጠፋው ስለዚህ ነው። የሌዘር ብርሃን ቀለሙን ሰባብሮ ሰውነት ቀስ በቀስ እንዲያስወግደው ያደርጋል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስን፥ ገንዘብንና ሕመምን ይጠይቃል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይም ጥንቃቄ ከጎደለው ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ወደ ታወቀ ሐኪም መሄድ ይገባል። በአሲድ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ለማጥፋት የሚሞክር ግን ከንቅሳቱ የከፋ ጠባሳ ይገዛል።

«የመስቀል ንቅሳትን ማስጠፋት መስቀሉን መካድ ይሆናልን?» ለሚሉን፦ መካድ በልብና በአንደበት ነው። በክርስቶስ አፍሮ የሚያስጠፋ ቢኖር ያ ክሕደት ነው፤ ባልመረጠችው ምልክት የምትሳቀቅ እኅት ግን ብታስጠፋ አትነቀፍም፥ ብትተወውም አትነቀፍም። በገንዘብ ማነስ ማስጠፋት ያልቻለችም በእግዚአብሔር ፊት የጎደላት የለም።

የልጅ ልጆች ሆይ፤ አያቶቻችሁን በግንባራቸው ምልክት አታሳፍሩ። ያ ምልክት ፊደል ላልቈጠረች ሴት እምነቷን የጻፈችበት ወይም ሕፃን ሳለች ያለቀሰችበት ሊሆን ይችላልና፥ ከመሳቅ ይልቅ ታሪኳን ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፤ በልጆቻችሁ ገላ ላይ እነርሱ ያልመረጡትን አትጻፉ፤ መርፌው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ እንደሚችልም አትርሱ። ወጣቶች ሆይ፤ ለመነቀስ ስትነሣሡ ገላችሁ የእናንተ ብቻ ሳይሆን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን አስቡ። የዛሬ 40 ዓመት በዚያው ገላ የሚኖረው ሽማግሌም እናንተው ናችሁና፥ እርሱን ሳታማክሩ በስሙ አትፈርሙ። ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፤ በገላው ላይ ሥዕል ያለበት ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ዓይናችን ከክንዱ ላይ ተነሥቶ ወደ ልቡ ይመልከት፤ በበሩ ላይ በግልምጫ ከመለስነው ማን ያስተምረዋል?

ሥጋ ወደ አፈር ሲመለስ የጌጡም የጸጸቱም ቀለም አብሮ አፈር ይሆናል። በጥምቀት የታተምነው ግን በትንሣኤ ቀን ይታወቃል። ያን ማኅተም በንጽሕና ጠብቀን እንድንገኝ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።