ጥልቅ ውሃን መፍራት የእምነት ጉድለት ነውን?



ይህን ጥያቄ ያመጣነው ከጉባኤ ሳይሆን ከላህ ወንዝ ዳር ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በአንድ እሑድ ገላችንን ልንታጠብ ወርደን ሳለ፣ አንዱ ባልንጀራችን ውሃው ከጉልበቱ ካለፈበት ቦታ ወዲያ አልሄድም አለ። ሌላው፣ ስሙን አንጠራም፣ ልብሱን ሳያወልቅ ከዳር እንደ ቆመ፣ «ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሄዷል፤ ያንተ እምነት ይህን ያህል ብቻ ነው?» አለው። እኛም ሳቅን። ልጁ አፍሮ ወደ ጥልቁ ገባ። እግሩ መሬት ባጣ ጊዜ ተንፈራገጠ፣ ውሃም ጠጣ፤ ነጠላ ወርውረን እያስያዝን በጭንቅ ጎትተን አወጣነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ሳቂዎቹ እኛው ነበርን። ከዚያ ወዲያ ሦስት እሑድ ከመካከላችን ታጣ።

ምዕራፉን (ማቴ. 14) እንደገና አነበብነው። ጴጥሮስን ከታንኳው ገፍቶ ያወረደው ሰው የለም፤ ራሱ ለምኖ፣ ከተጠራ በኋላ ወረደ። ዓሣ አጥማጅ ስለ ነበረ ለውሃ እንግዳ አልነበረም፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ራሱን ወደ ባሕር እንደ ጣለም ተጽፏል። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ነፋሱን ባየ ጊዜ ፈራ። ጌታም አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ ተግሣጹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ተግሣጹን አስቀድመን እጃችንን አዘገየን። ከዚህም የሚብስ አለ፦ ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የጠየቀው ፈታኝም መጽሐፍ ይጠቅስ ነበር። በላህ ዳር የተጠቀሰው ጥቅስ የማንኛውን ጥቅስ እንደሚመስል እያሰብን ብዙ ቀን አዝነናል።

ስለ ፍርሃቱም ተነጋገርን። ሳንባው አየር የያዘ ሰው በጸጥታ በጀርባው ቢተኛ ብዙውን ጊዜ ውሃው ይሸከመዋል። ሲደነግጥ ግን ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጆቹንም ወደ ላይ ሲያወጣ ክብደታቸው መልሶ ወደ ታች ያሰጥመዋል። እግር ካልደረሰ ደግሞ 2 ሜትርም ሆነ ጣና በጣም በሚጠልቅበት ቦታ ያለው 14 ሜትር ያህል ውሃ ለሚንሳፈፍ ሰው ያው ነው፤ የሚሸከመው የላይኛው ውሃ ነውና። ስለዚህ ከፍርሃታችን አንዱ ክፍል ሐሰት ነው፤ ቀስ በቀስ በልምምድ ይወጣል።

ሌላው ክፍል ግን እውነት ነው። ላህም ሆነ በቡሬ በኩል ያለው ፈጣም በክረምት ሲደፈርስ ታቹ አይታይም። እዚህ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በላይኛው አገር የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የሚፈራውን ፈሪ ማለት አንደፍርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። አባቶቻችን ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዓባይን በተነፋ ስልቻ ተንሳፍፈው ሲሻገሩ ደፋሮች ስለ ነበሩ ብቻ አልነበረም፤ ወንዙ የሚጎድልበትን ወር መጠበቅ ያውቁ ነበር።

አንድ ወንድማችን የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ታሪክ አነሣብን። ጻድቁ መጻሕፍቶቻቸውን ለግዮን ውሃ አደራ ሰጥተው ከዘመናት በኋላ ሳይረጥቡ እንደ ተቀበሉ በገድላቸው ይነገራል፤ ግሽ ዓባይም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ታሪኩን እናከብራለን። ነገር ግን ጻድቁ አደራ የሰጡት የራሳቸውን መጻሕፍት እንጂ ባልንጀራቸውን አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ልጁ ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን፤ የሆነውን አላወቁም ነበርና እኛ ራሳችን ነገርናቸው። እርሱ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «እመጣለሁ። ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲጠራ መዋኘት አስተምሩኝ፤ ግን ከደረቴ በላይ አይሁን፤ እጃችሁንም ከጀርባዬ ሥር እኔ ሳልላችሁ አታንሡ» አለን። ቃል ገባንለት።

በዚያ ቀን ከዳር ቆሞ የተናገረውም ከእኛ ጋር ነበረ። ስንመለስ በመንገድ ላይ እርሱም ዋና እንደማይችል ነገረን።