አሮጌው ዜማ በአዲስ መድረክ

ከአባቱ የተረከበውን ቤት የሚያድስ ሰው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። ምንም ሳይነካ ቢተወው ይፈርስበታል፤ ሁሉን አፍርሶ ቢሠራው ደግሞ የአባቱ ቤት መሆኑ ይቀራል። የቆየ የኪነ ጥበብ ሥራን ለዛሬ ተመልካች የሚያቀርቡ ሰዎችም ፈተናቸው ይኸው ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር ቅርብ የሆነው ምሳሌ «አይዳ» የተባለው ኦፔራ ነው። ኢጣልያዊው ጁሴፔ ቬርዲ ዜማውን የደረሰለት ይህ ተውኔት በመጀመሪያ የታየው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በ1871 በካይሮ ነው። አይዳ በግብጽ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የአገሯን ጦር ሊወጋ የተሾመውን የግብጽ የጦር አለቃ ትወዳለች፤ በአባቷና በወዳጇ መካከል ልቧ ተከፍሎ፣ በመጨረሻ በሕይወቱ እንዲቀበር ከተፈረደበት ወዳጇ ጋር በፈቃዷ መቃብር ገብታ ትሞታለች። ድርሰቱን ያሠራው የግብጽ ገዥ ኬዲቭ እስማኤልም ብዙ ሳይቆይ ጦሩን በእውነት ወደ ኢትዮጵያ ልኮ፣ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተመታ።

ይህን ኦፔራ ዛሬ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁለት ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። አንደኛው፣ ነጭ ዘፋኝ ኢትዮጵያዊት ለመምሰል ፊቷን ጥቁር ቀለም መቀባት ይገባታልን? በ2022 በቬሮና ከተማ ይህ በመደረጉ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ኤንጀል ብሉ በዚያው መድረክ በሌላ ኦፔራ ልትዘፍን የነበረውን ትታ ቀረች። ሁለተኛው፣ በድርሰቱ ውስጥ መልእክተኛው ኢትዮጵያውያንን አረመኔ ብሎ የሚጠራበት ቃል ይፋቅን?

እኛ ሁለቱን ለይተን እናያቸዋለን። ቀለሙን የሚቀባው የዛሬ እጅ ነው። ቢቀር ከቬርዲ ዜማ አንዲት ኖታ አይጐድልም፤ ቢኖር ግን የሰውን መልክ እንደ ልብስ የሚጠለቅና የሚወልቅ ያደርገዋል። ቃሉ ግን የዘመኑ ምስክር ነው። ስድቡን ብንፍቅ የሰዳቢው ጥፋት ይሸፈናል እንጂ የተሰዳቢው ክብር አይመለስም። ይህን ስንል በአዳራሹ የሚቀመጠው ወገናችን ቃሉን ሲሰማ እንደሚያዝን ሳንዘነጋ ነው። ይሁን እንጂ አረመኔ ከተባሉት ወገን የተወለደችው ልጅ ስለ አገሯና ስለ ፍቅሯ እንዲያ ስትጨነቅ ያየ ተመልካች፣ በቃሉ ላይ ራሱ ይፈርድበታል።

እንግዲህ ሊቀር የሚገባው እኛው ዛሬ የምንጨምረው በደል ነው። ቤቱን ስናድስ ጭቃውን እንለውጥ፤ ምሰሶውን እንተው፤ በግድግዳው ላይ የቀረውን የጥንት ቃጠሎ ጠባሳ ግን ልጆቻችን እንዲያዩት አንለስነው።