ትዕግሥቱ በማን ኪሳራ?

ትዕግሥት በራሱ መልካም ጠባይ ነውን? ወይስ መልካምነቱ የሚታወቀው የሚባክነው ጊዜ የማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው? ይህን ለመመርመር የክሪኬትን ያህል የተመቸ ሜዳ አላየሁም። ጨዋታው በሁለት ሥርዓት ይካሄዳል። ቴስት የሚባለው እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ መቺው ከጨዋታ እስካልወጣ ድረስ ለሚወረወርለት ኳስ ገደብ የለውም። የአንድ ቀኑ ግን ዛሬ ለየቡድኑ 300 ኳስ ብቻ ሰፍሮ ይሰጣል።

ዐይኑና እጁ አልገናኝ ያሉት መቺ በተቸገረ ጊዜ ልዩነቱ ገሃድ ይወጣል። በቴስት ኳሱን ሳይመታ ቢያሳልፍ ማንንም አልበደለም፤ እንዲያውም አዲሱ ኳስ እስኪያረጅ፣ ወርዋሪው እስኪደክም መቆሙ ለተከታዩ መንገድ መጥረግ ነው። በአንድ ቀኑ ግን ያለ ነጥብ ያሳለፈው ኳስ ሁሉ ከጋራው መሶብ ያነሣው ጉርሻ ነው።

በጁን 1975 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ ሲከፈት እንግሊዝ 334 ነጥብ አስቆጠረች። የየቡድኑ ድርሻ በዚያን ጊዜ 360 ኳስ ነበር። ከቴስት ታላላቆች አንዱ የሆነው ሕንዳዊው ሱኒል ጋቫስካር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ቆሞ 174 ኳስ ፈጀ፤ ያገኘው 36 ነጥብ ነው። አልወጣም። ሕንድ ግን በ202 ነጥብ ተሸነፈች።

በጃንዋሪ 2004 ደግሞ ሳቺን ቴንዱልካር ሲድኒ ገባ። በዚያ የአውስትራሊያ ጉዞ በቴስት ያስቆጠረው 0፣ 1፣ 37፣ 0፣ 44 ነበር። በቀኙ በኩል ርቆ የሚመጣውን ኳስ ወደ ፊት የሚገፋበትን፣ ዝና ያተረፈበትን ግን መውጫው የሆነበትን ምት እርግፍ አድርጎ ተወ። ገጣሚ እጅግ የሚያምርበትን የቤት መምቻ ለአንድ ሙሉ መድበል ራሱን ቢከለክል ምን ያህል እንደሚያምመው አውቃለሁ። ከአሥር ሰዓት በላይ ቆሞ፣ 436 ኳስ ገጥሞ፣ 241 ነጥብ ይዞ ሳይወጣ ቀረ። ይህ የኳስ ብዛት ዛሬ አንድ ቡድን በአንድ ቀን ከሚሰፈርለት በ136 ይበልጣል! ጋቫስካርን ያስወቀሰው ጠባይ ቴንዱልካርን አስመሰገነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቴስት ርኅሩኅ ነው ማለት ግን የዋህነት ነው። በቴስት ወርዋሪው ያለ ገደብ ይመላለሳል፤ ተከላካዮቹ በመቺው ዙሪያ ተኮልኩለው ስሕተቱን ይጠብቃሉ። በአንድ ቀኑ አንድ ወርዋሪ ከ60 ኳስ አያልፍም፤ ተከላካዮቹም ስለሚራራቁ የተቸገረው ሰው በለዘበ ግፊት አንዲት ነጥብ ለመልቀም ይችላል። ቢወጣም «ለቡድኔ ስቸኩል ነው» የሚልበት ሰበብ አለው። ቴስት ሰበብ አይሰጥም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማርክ ቴይለር ታሪክ ነው። የአውስትራሊያው አለቃ ከአንድ ዓመት በላይ በቴስት 50 ነጥብ ሳይደርስ ቆየ። በ1997 እንግሊዝ እንደ ሄዱ በሦስተኛው የአንድ ቀን ግጥሚያ ራሱን ከቡድኑ አወጣ፤ በቴስት ግን ቦታው ተጠበቀለት። በጁን በኤጅባስተን በመጀመሪያ ተራው 7፣ በሁለተኛው 129 አስቆጠረ። ቡድኑ ያን ግጥሚያ ቢሸነፍም ጉብኝቱን 3 ለ 2 ረታ። ያ 129 እስከ ዛሬ ይተረካል። በእነዚያ ረጅም ወራት ብዙ ነጥብ እያስቆጠረ ከደጅ ቆሞ ቦታው እስኪለቀቅ የጠበቀ መቺ ቢኖር ግን ስሙን የሚያነሣ የለም።