የጨው ዋጋና የሥዕል ዋጋ

በቀድሞ ዘመን ወደ ይፋግ ገበያ የሚመጣው አሞሌ ጨው ከአፋር በረሓ በራቀ ቍጥር ዋጋው ይወደድ ነበር፤ የአጋሰሱ ድካምና የነጋዴው መንገድ በላዩ ይደመርበታልና። ጨውም ገንዘብነቱ ቢቀር እንኳ ወጥ ማጣፈጡ አይቀርም።

ከምኞት ብቻ የሚወለድ ዋጋም አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1952 በአሜሪካ አገር ከማስቲካ ጋራ በጥቂት ሳንቲም ለልጆች ይሸጥ የነበረ፥ ሚኪ ማንትል የተባለው የቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል ያለበት ካርድ፥ በ2022 በሐራጅ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ የተለወጠው የፈላጊው ልብ ነው።

ሥዕሉን ስለ ፍቅር የሚያኖር ሰው አይነቀፍም፤ የልጅነቱን ትዝታ አኑሯልና። ለትርፍ የሚሰበስብ ግን የሚገዛው የሌላውን ሰው ምኞት ነው፤ ያም ምኞት በበረደ ጊዜ በእጁ የሚቀረው የማይቀመስ ወረቀት ነው። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ከመግዛቱ አስቀድሞ፥ «ፈላጊ ቢጠፋ እኔ እወደዋለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።